አቤት ሲባል ሰሚ የሚታጣው ስለ ምን ነው?

አባቶቻችን የግዴለሽነትን ጠባይ በድመት አፍ አድርገው ነግረውናል። ድመት «ሺህ ቢታለብ በገሌ» አለች ይባላል። ገል የሸክላ ስባሪ ነው፤ ለድመት ወተት የሚፈስስላት በርሱ ነው። ሺህ ላሞች ታልበው ወተቱ እንደ ወንዝ ቢጎርፍ፥ ድመት የምታገኘው ያችኑ በገሏ ልክ የምትደርሳትን ጥቂት ስለ ሆነ የሺሁ ነገር አይገዳትም። ምሳሌው የተነገረው ስለ ወተት ነው፤ ዳሩ ግን በወተቱ ፈንታ የሰውን ደም ብናስገባበት ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነውን ነገር ያስረዳናል። ሺህ ሰው ያለ ፍርድ ሲገደል፥ ሺህ ሰው በረኃብ ሲረግፍ፥ ሺህ ቤት ሲቃጠል እየሰማ፥ ሌላው ሰው እንደ ወትሮው ምሳውን በልቶ፥ ሥራውን ሠርቶ፥ ማታም ያለ ሐሳብ የሚተኛው እንዴት ቢሆን ነው?

ብዙዎች ይህን ጥያቄ «ልቡ ስለ ጨከነ ነው» በሚል አጭር ቃል ይዘጉታል። እኛ ግን ይህ መልስ እውነቱን ሁሉ የያዘ አይመስለንም። ጨካኝ ሰው በየትም አገር ጥቂት ነው፤ ግዴለሽ ሆኖ የሚያልፈው ግን ብዙ ነው። ስለዚህም ነገሩን በሐሳብ ብቻ ከመመራመር ይልቅ አንድ አገርና አንድ መንገድ መርጠን፥ በዚያ መንገድ ላይና ዳር የደረሰውን መከራ እየተከተልን ታሪክ የሚመሰክረውን ልናዳምጥ ወደድን።

የመረጥነው አገር ከሚሴ ነው። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በቦርከና ወንዝ ሸለቆ በጨፋ ሜዳ ዳር የምትገኝ፥ ዛሬም በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ የሆነች ናት። የጨፋ ሜዳ ውሃ የጠገበ ስለ ሆነ በበጋ እንኳ ሣሩ ፈጽሞ አይጠፋም። ከዚህም የተነሣ ኦሮሞውና አማራው፥ አፋሩና አርጎባው ድርቅ በመጣ ጊዜ ከብቱን እየነዳ የሚገናኘው በዚያ ነው። ሰኞ በባቲ፥ እሑድ በሰንበቴ በሚቆመው ገበያ ከደጋና ከቆላ የወረደው ሕዝብ በየቋንቋው ይገበያያል፤ አንዱም ያንዱን ቋንቋ ያውቃል። አውራ ጎዳናው ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ በሰንበቴ፥ በአጣዬ፥ በከሚሴና በኮምቦልቻ አድርጎ ደሴ ይገባል፤ ከዚያም በወልድያና በቆቦ አልፎ ወደ ኮረምና ወደ ማይጨው ይዘልቃል። በዘጠና ዓመት ውስጥ ኢትዮጵያን ካገኟት ታላላቅ መከራዎች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ ዳር የተፈጸሙ ናቸው።

ይህን አገር የመረጥንበት ሁለተኛው ምክንያት ቅሬ ነው። በወሎ ቅሬ የሚባለው በሌላው አገር እድር እንደሚባለው ያለ የቀብርና የኀዘን ማኅበር ነው። ሰው በሞተ ጊዜ ጠሪው መንደሩን ዞሮ ያሰማል። ያን ጊዜ ገበሬው በሬውን ይፈታል፥ ነጋዴው ሱቁን ይዘጋል፤ ጎልማሶቹ መቃብር ይቆፍራሉ፥ ሴቶቹ ውሃ ይቀዳሉ፥ ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ ኀዘንተኛው ብቻውን እንዳያድር ጎረቤት በየተራ አብሮት ይቀመጣል። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ መቀጮ ይከፍላል፤ መቅረትን ልማድ ያደረገ ከቅሬው ይወጣል፤ ከቅሬ መውጣት ደግሞ «ስሞት ማን ይቀብረኛል?» የሚያሰኝ ከባድ ቅጣት ነው። በብዙው የወሎ አገር እስላሙ ለክርስቲያኑ፥ ክርስቲያኑም ለእስላሙ ቀብር ይወጣል።

እንግዲህ እንቆቅልሹ ይህ ነው። እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ሕዝብ ማዘን አያውቅም ሊባል አይቻልም። ታዲያ ለአንድ ጎረቤት ሞት ሥራውን ፈትቶ የሚሮጥ ሰው፥ በመንገድ ዳር መቶ ሰው ወድቆ ባየ ጊዜ ስለ ምን አልፎ ይሄዳል?

አንዳንዶች «ሰው ዝም የሚለው ስለማያውቅ ነው፤ ቢያውቅ ይነሣ ነበር» ይላሉ። የ1928 ዓ.ም. ታሪክ ግን ይህን አያጸናም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። ሆስፒታሉና የቀይ መስቀል ድንኳኖች ሳይቀሩ ተመቱ። በዚያ ጊዜ ብዙ የውጭ አገር ጋዜጠኞች በከተማው ውስጥ ስለ ነበሩ ያዩትን ሁሉ ወዲያው በቴሌግራም ለዓለም አሰሙ። ከዚያም በኋላ የመርዝ ጋዝ በወታደሩም በባላገሩም ላይ ሲዘንብ፥ የዓለም አቀፍ ቀይ መስቀል ኮሚቴ መልእክተኛ የነበረው ስዊሳዊው ሐኪም ማርሴል ጁኖ በኮረም አካባቢ በጋዝ የተቃጠሉትን ሰዎች በዐይኑ አይቷል። በዚያ ከወደቁት ሰዎች አፍ የሰማው ቃል «አቤት» የሚለው እንደ ነበረ በመጽሐፉ ጽፎታል።

ስለዚህ ቃል ጥቂት ማሰብ ይገባናል። በቋንቋችን ሰው ሲበደል «አቤት» ይላል፤ ሰው በስሙ ሲጠራም «አቤት» ብሎ ይመልሳል። የጮኸውም የሰማውም የሚናገረው ቃል አንድ ነው። ስለዚህ አቤት የሚል ሰው መከራውን መግለጡ ብቻ አይደለም፤ «አቤት» ብሎ የሚመልስለት አንድ ሰው መኖሩን አምኖ ነው የሚጮኸው። በኮረም የወደቁት ሰዎች መልስ የጠበቁት ከማን ነበረ?

መልሱን ሊሰጡ ይገባቸው የነበሩት በጄኔቭ ተሰብስበው ነበር። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ቆመው የጋዙን ነገር አስረዱ። ጉባኤው ሰማ፤ ከዚያም በኋላ ወር ሳይሞላ በኢጣልያ ላይ ተጥሎ የነበረው የንግድ ቅጣት ተነሣ። ቅጣቱ ቀድሞም ቢሆን ለጦርነቱ ዋና የሆነውን ነዳጅ ያልነካ፥ የስዌዝንም ቦይ ያልዘጋ ነበረ። ምክንያቱም የተሰወረ አይደለም፤ እንግሊዝና ፈረንሳይ ሙሶሊኒን ቢያስቀይሙት ወደ ሂትለር ይጠጋብናል ብለው ፈርተው ነበር። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝቡ በጥይትና በአካፋ፥ በቤቱም ውስጥ በእሳት ሲጨፈጨፍ የውጭ መንግሥታት ወኪሎች እዚያው ከተማ ውስጥ ነበሩ፤ ያዩትንም ለመንግሥቶቻቸው ጽፈዋል። ይህን ጽሕፈት ካነበቡት አንዱ የነበረው የእንግሊዝ መንግሥት በ1930ና በ1931 ዓ.ም. የኢጣልያን ገዥነት በውል ተቀበለ። ስለዚህ ወሬ ማጣት አልነበረም፤ ወሬው ደርሷል። ነገር ግን ወሬው የደረሰው ከመስማቱ ይልቅ አለመስማቱ በሚጠቅመው ሰው ጆሮ ነበረ።

በዚህ ላይ ብናቆም ኖሮ የግዴለሽነትን ነውር ሁሉ በባዕድ ላይ ጭነን በሰላም መተኛት በቻልን ነበር። ታሪክ ግን ይህን ዕረፍት አይሰጠንም። ከጄኔቭ ጉባኤ በኋላ አርባ ዓመት ሳይሞላ በዚሁ መንገድ ዳር ኢትዮጵያውያን ሲያልቁ ያላየነው እኛው ራሳችን ነበርን።

በ1964ና በ1965 ዓ.ም. ዝናብ በመቅረቱ በወሎ ክፍለ ሀገር፥ ይልቁንም ደሴንና ከሚሴን ከአፋር ሜዳ በሚያዋስነው የምሥራቅ ቆላ፥ ሰብሉም ከብቱም ጠፋ። አፋሮቹ ደግሞ በአዋሽ ዳር የነበረው የበጋ ግጦሻቸው ለጥጥ እርሻ ተወስዶባቸው ስለ ነበረ መሸሻ አጡ። በ1965 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ረኃብተኛው ከየመንደሩ ወጥቶ በአውራ ጎዳናው ዳር ተሰለፈ። አውቶቡሱንና መኪናውን እያስቆመ የሚበላ ይለምን ጀመር፤ ጉልበት የቀረውም እስከ አዲስ አበባ ድረስ በእግሩ መጣ። እንግዲህ በዚህ መንገድ በየቀኑ የሚመላለሰው ነጂ፥ ነጋዴ፥ ሹምና ተማሪ ሁሉ አይቷል። «ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» የሚለው ምሳሌ በዚህ ጊዜ ሳይፈጸም ቀረ፤ ዐይን አየ፥ ልብ ግን ፍርዱን አሳደረ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ይህ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቅ የሆኑት ህንዳዊው አማርትያ ሴን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1981 ባሳተሙት ድርሳን እንዳስረዱት፥ በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ በጠቅላላው እህል ጠፍቶ አልነበረም፤ በደሴ ገበያ እንኳ ዋጋው እጅግ አልናረም። የጠፋው እህሉ ሳይሆን የገበሬውና የአርብቶ አደሩ የመግዣ ዐቅም ነበረ። ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሚወጣ እህልም ነበረ። ይኸውም ማለት ረኃብተኛው በተቀመጠበት መንገድ እህል የጫነ መኪና ያልፍ ነበር ማለት ነው። የሟቾቹ ቁጥር በልዩ ልዩ ግምት ከ50,000 እስከ 200,000 ይደርሳል። ግምቱ ይህን ያህል መራራቁ ራሱ አንድ ምስክር ነው፤ ሲሞቱ የቆጠራቸው እንዳልነበረ ያስታውቃልና።

ከመንግሥት ወገን ወሬው እንዳይነገር ተፈለገ፤ የአገር ክብር ይነካል ተባለ። የዓለም አቀፍ ድርጅቶችም ነገሩን እያወቁ መንግሥቱን ላለማስቀየም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። በ1965 ዓ.ም. ግን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ፎቶግራፍ አንሥተው አሳዩ፤ ተማሪውም በዚህ ተነሣ። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም በለንደን ታየ፤ ከዚያም ዓለም ዕርዳታ ይልክ ጀመር። ይኸው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲታይ፥ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። አዲሱ መንግሥት የተነሣው ይህን በደል በመውቀስ ነው። ዳሩ ግን ዐሥር ዓመት ቆይቶ፥ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ወጪ ሲከበር፥ በወሎና በትግራይ እንደ ገና ሰው በረኃብ ይረግፍ ነበር፤ ወሬውም እንደ ገና ታፍኖ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የማይክል በርክ ዜና ከኮረም እስኪተላለፍ ድረስ ዓለም አልነቃም። «ዝምታ አይነቅዝም» እያልን ዝምታን እናመሰግናለን፤ በነዚህ ሁለት ዘመናት ግን በዝምታው ውስጥ የነቀዘው የሰው ሕይወት ነበረ።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድን ነው? አለማወቅ ነው እንዳንል ጄኔቭ ያውቅ ነበር። አለማየት ነው እንዳንል መንገደኛው አይቷል። ጭካኔ ነው እንዳንል ያው መንገደኛ ለጎረቤቱ ቀብር አይቀርም። እንግዲህ ምክንያቱን በሌላ ስፍራ መፈለግ ይገባናል፤ እኛም የሚከተሉት አራቱ ዋነኞቹ ይመስሉናል።

የመጀመሪያው የቁጥር ብዛት ነው። የሰው ልብ ለአንድ ፊት የተሠራ ነው፤ ለሺህ ፊት አልተሠራም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 ፖል ስሎቪክና ባልደረቦቹ በአሜሪካ አንድ ምርምር አሳተሙ። ለአንዱ ወገን የአንዲትን የተራበች አፍሪካዊት ልጅ ስምና መልክ አሳይተው፥ ለሌላው ወገን የሚሊዮኖችን ረኃብ በቁጥር ነግረው ገንዘብ እንዲሰጡ ጠየቁ። በዚያ ቁጥር ውስጥ አስቸኳይ ምግብ የሚያስፈልጋቸው ከ11 ሚሊዮን የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ይገኙበት ነበር። ለአንዲቱ ልጅ የተሰጠው ለሚሊዮኖቹ ከተሰጠው ከእጥፍ በለጠ። ይልቁንም የሚያስደንቀው፥ የልጅቱ መልክና ቁጥሩ በአንድነት በቀረቡ ጊዜ ስጦታው ለብቻዋ ከቀረበችበት ጊዜ አነሰ። ቁጥሩ ልብን አላሰፋውም፤ አደነዘዘው እንጂ። ሰው «ይህን ሁሉ እኔ ምን አደርገዋለሁ?» ባለ ጊዜ፥ ሊያደርገው የሚችለውንም ጥቂት ይተወዋል።

ሁለተኛው እርስ በርስ መጠባበቅ ነው። ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት በ1960 ዓ.ም. ባሳተሙት ምርምር፥ በሌላ ክፍል ያለ ሰው በድንገት ታሞ ሲጮኽ የሚሰማ ሰው ምን እንደሚያደርግ ፈተኑ። ጩኸቱን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ ብለው ካመኑት ከመቶው 85 ያህሉ ጩኸቱ ሳይቋረጥ ለመርዳት ተነሡ። ሌሎች አራት ሰዎችም ሰምተዋል ብለው ካሰቡት ግን የተነሡት ከመቶው 31 ብቻ ነበሩ። ያልተነሡትም ጨካኞች አልነበሩም፤ ሲጠየቁ እጃቸው ይንቀጠቀጥ፥ ፊታቸውም ይጨነቅ ነበር። እያንዳንዱ «ሌላው ሳይነሣ አይቀርም» ብሎ ጠበቀ። በወሎ መንገድ ላይ ያለፈውም መንገደኛ «መንግሥት ሳያውቀው አይቀርም» ብሎ አለፈ፤ መንግሥትም «አገረ ገዥው አለ» አለ፤ የውጭ ድርጅቶችም «መንግሥት ሳይጠይቀን» አሉ።

ሦስተኛው በዝምታ የሚጠቀም ወይም በንግግር የሚፈራ መኖሩ ነው። ለሹሙ ሹመቱ፥ ለነጋዴው ትርፉ፥ ለመንግሥታት ወዳጅነታቸው ከሟቹ ሕይወት ይልቅ ይቀርባቸዋል። የፈራም ሰው ፍርሃቱን ፍርሃት ብሎ አይጠራውም፤ «ነገሩ በደንብ አልተጣራም» ይለዋል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከፋው «የማን ሰው ነው?» የሚል ጥያቄ ነው። የሞተው «ሰው» መባሉ ቀርቶ በወገኑ፥ በሃይማኖቱ ወይም በቋንቋው በተጠራ ጊዜ፥ ኀዘኑ የወገኑ ብቻ ይሆናል። ሌላው ወገን ከዚያ በኋላ የሚያዝን ሳይሆን የሚከራከር ይሆናል።

የዚህ አራተኛው ምክንያት ምሳሌ እሩቅ አይደለም፤ ከተነሣንበት መንገድ ላይ ይገኛል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደርና በአጎራባቹ በሰሜን ሸዋ ዞን በተነሣው ግጭት ብዙ ሰላማውያን ሰዎች ተገደሉ። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በመጋቢት ወር ብቻ ከ300 የሚበልጡ ሰዎች መሞታቸውን አስታወቀ። በሚያዝያ አጣዬ ከተማ በእሳት ጋየች፤ በጅሌ ጥሙጋ ወረዳም ሰው ሞተ፥ ቤት ተቃጠለ፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠረው ሕዝብ ከቀዬው ተሰደደ። ግማሽ ዓመት ያህል ቆይቶ፥ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ፥ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ድረስ ደርሶ ከተማይቱ እስከ ኅዳር ወር በታጣቂዎች እጅ ቆየች።

በዚያ ጊዜ የሆነውን እናስታውስ። የሞት ወሬ በመጣ ቁጥር አስቀድሞ ይጠየቅ የነበረው «ስንት ሰው ሞተ?» የሚል እንኳ አልነበረም፤ «ከየትኛው ወገን?» የሚል ነበር። መልሱ «ከኛ» ከሆነ ቁጣው ነደደ፤ «ከነርሱ» ከሆነ «ማን ጀመረው?» የሚል ክርክር ተነሣ፥ ወይም ዝም ተባለ። በአዲስ አበባም፥ በውጭ አገር በሚኖረውም ኢትዮጵያዊ ዘንድ ነገሩ እንዲሁ ነበር። ሁሉም ወገን ግዴለሽነትን ነቀፈ፤ የነቀፈው ግን የሌላውን ወገን ግዴለሽነት ነበር። የአጣዬን ሙት የሚቆጥር የጅሌን ሙት ዘለለ፤ የጅሌን የሚቆጥርም የአጣዬን ዘለለ። ሁለቱም ሙታን ግን በአንድ የሰንበቴ ገበያ እህልና ከብት ሲገበያዩ የኖሩ ጎረቤታሞች ነበሩ። ድመቷ «ሺህ ቢታለብ በገሌ» እንዳለች፥ እኛም «ሺህ ቢሞት በወገኔ» አልን።

ይህን የምንጽፈው አንዱን ወገን ከስሰን ሌላውን ነጻ ለማውጣት አይደለም። በዚያ ጊዜ ማን ምን እንዳደረገ አጣርቶ መፍረድ የሕግ ሥራ ነው። የኛ ጥያቄ ያልገደለውን፥ ያላቃጠለውን፥ ነገር ግን ሰምቶ ያለፈውን ብዙ ሰው የሚመለከት ነው፤ በዚያም ቁጥር ውስጥ እኛ ራሳችን አለንበት።

እንግዲህ ወደ ቅሬው እንመለስ፤ መልሱ በርሱ ውስጥ ያለ ይመስለናልና። የቅሬው ሰው ከመንደሩ ውጭ ካለው ሰው የተለየ ደግ ልብ ስላለው አይደለም ቀብር የሚወጣው። ቅሬው ያን ግዴለሽነት የሚወልዱትን ምክንያቶች አንድ በአንድ ስለሚያፈርስ ነው። ሟቹ በቁጥር ሳይሆን በስሙ ይነገራል። ጠሪው የታወቀ ነው፤ ስለዚህ «አልሰማሁም» ማለት አይቻልም። የተጠራውም በመዝገብ የተጻፈ ነው፤ ስለዚህ «ሌላው ይሄዳል» ብሎ መቅረት አይቻልም። የሚጠየቀውም ሥራ ልክ አለው፤ ቅሬ ሙት አስነሣ አይልም፤ ቆፍር፥ ተሸከም፥ ከኀዘንተኛው ጋር ተቀመጥ ይላል እንጂ። ሃይማኖቱ ምንም ቢሆን ጎረቤት ጎረቤት ነውና «የማን ሰው ነው?» የሚለውም ጥያቄ በቅሬ ደጅ ስፍራ የለውም። የቅሬ ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ጥሪው ከመንደር አያልፍም። መከራው ከመንደር በበለጠ ጊዜ ጠሪም ተጠሪም ሳይኖር ይቀራል። መንገደኛው በወሎ ጎዳና ያለፈው ስሙን ጠርቶ «ተነሣ» ያለው ስላልነበረ ነው።

ስለዚህ የሕዝብ እልቂት በደረሰ ጊዜ የቅሬን ሥራ በሰፊው ሊሠራ የሚችል ነገር ያስፈልጋል። መጀመሪያ የሙታን ስም ይጻፍ። በ1966 ዓ.ም. የሞቱት በግምት ብቻ የሚታወቁ መሆናቸው ሁለተኛ ሞት ሆኖባቸዋል። በ2013 ዓ.ም. የሞቱት ግን የቀበሯቸው ሰዎች በሕይወት ስላሉ፥ የሁሉም ወገን ስም በአንድ መዝገብ ሊጻፍ ይቻላል። የአጣዬውና የጅሌው ሰው ስም በአንድ ገጽ ላይ ቢውል፥ ያ መዝገብ ከብዙ ስብከት ይልቅ ያስተምራል። ሁለተኛ ጠሪው ይታወቅ። መምህር፥ ጋዜጠኛ፥ የሃይማኖት አባት፥ የወረዳ ሹም አስቀድመው የሚሰሙ ሰዎች ስለ ሆኑ የመጥራት ግዴታ አለባቸው፤ በ1965 ዓ.ም. ፎቶግራፍ ያሳዩት መምህራን ያደረጉት ይህንኑ ነው። የጠራም ሰው በመጥራቱ ሊቀጣ አይገባም። ሦስተኛ የያንዳንዱ ድርሻ ይነገር፤ «ሁሉም ይርዳ» የተባለው ማንንም አያስነሣምና።

ሕጉስ ቢሆን አልጠፋም። የዘር ማጥፋትን ወንጀል ለመከላከልና ለመቅጣት የተደረገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም. በማጽደቅ ከዓለም መንግሥታት ሁሉ የቀደመችው ኢትዮጵያ ናት። በጄኔቭ ያላገኘችውን ሰሚ ለሌላው ልትሆንለት የፈለገች ይመስላል። ይህ ለአገራችን ታላቅ ክብር ነው። ዳሩ ግን ሕግ የሚቆመው ሕዝብ «ይህ ነገር እኔን ይመለከተኛል» ባለ ጊዜ ነው። በ1986 ዓ.ም. በሩዋንዳ እልቂቱ ሲጀመር ያው ስምምነት በሥራ ላይ ነበረ፤ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ግን በዚያው በሚያዝያ ወር በዚያ የነበረውን የሰላም ጠባቂ ጦር ወደ 270 ሰው ያህል እንዲቀነስ ወሰነ።

አባቶቻችን ከድመቷ ምሳሌ ሌላ «ነግ በእኔ» የሚል ቃልም ትተውልናል። በ1928 ዓ.ም. አቤት ብሎ ሰሚ ያጣ ሕዝብ በ1965 ዓ.ም. አቤት የሚለውን ወገኑን ሳይሰማ ቀረ። በ1965 ዓ.ም. የቀረውም በ1977 ዓ.ም. ደገመ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ግማሹን ብቻ ሰማ። ያ አውራ ጎዳና ዛሬም ከሸዋ ሮቢት ሰንበቴ፥ ከሰንበቴ አጣዬ፥ ከአጣዬ ከሚሴ ይዘልቃል፤ መኪናውም በየቀኑ ያልፋል። በመንገዱ ዳር አንድ ሰው «አቤት» ባለ ጊዜ፥ የማን ሰው እንደ ሆነ ሳንጠይቅ በዚያው ቃል «አቤት» ብለን ብንመልስ፥ የቅሬአችን ወሰን ከመንደራችን አልፏል ማለት ነው።